ታሪካዊ የአትክልት ስፍራን በቦታው ሆኖ በአክሪሊክ መሳል

ታሪካዊ የአትክልት ስፍራ ከዱርና ከመስክ የሚለየው፣ ሠዓሊው ከመድረሱ በፊት ሌላ ሰው የነደፈው በመሆኑ ነው። ፈረንሳዊው የአትክልት ንድፍ አውጪ አንድሬ ለ ኖትር የቬርሳይን ቤተ መንግሥት አትክልት ሲያቅድ የወሰነው ዛፉ የት እንደሚተከል ብቻ አይደለም፤ ጎብኚው የት ቆሞ ምን እንደሚታየው ጭምር ነው። በአራት የሚከፈለው የፋርስ አትክልት፣ በእርከን የሚወርደው የጣሊያን አትክልት፣ ሐይቅ እየዞሩ የሚያዩት የእንግሊዝ አትክልት፣ ሁሉም ዓይንን የሚመራ አጽም አላቸው። ሥዕሉም የሚጀመረው ከዚሁ አጽም ነው፦ ከመንገዱ፣ ከተከረከመው አጥር፣ ከገንዳው ጠርዝ፣ ከደረጃው። አበባ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ባይመጣም ይሻላል።

አክሪሊክ፣ በውሃ የሚቀጥነውና ፈጥኖ የሚደርቀው ቀለም፣ ለዚህ አሠራር ይስማማል። ትልልቁን ቅርጽ አስቀምጣችሁ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የታችኛውን ሳታጨማልቁ መደረብ ትችላላችሁ። ደጅ ላይ የሚያስቸግረውም ይኸው ፈጥኖ መድረቁ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር አብዛኛው የሚያተኩረው ይህን ባሕርይ በመግራት ላይ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት

መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። ብዙ ቦታዎች በደብተርና በእርሳስ መንደፍን ዝም ብለው ያልፋሉ፤ ኢዝል (ባለ ሦስት እግር የሰሌዳ ማቆሚያ)፣ ጃንጥላና የቀለም ውሃ ሲመጣ ግን ደንብ አላቸው። ኢዝል የት ማቆም እንደሚቻል፣ በስንት ሰዓት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ፣ ፋውንቴኖቹ መቼ እንደሚለቀቁ አጣሩ። በቬርሳይ ለምሳሌ ፋውንቴኖቹ በሙሉ የሚፈሱት በተወሰኑ ቀናትና ሰዓታት ብቻ ነው። በጣሊያን ቲቮሊ ከተማ ያለው የቪላ ዴስቴ አትክልት ውሃ ደግሞ ያለ ፓምፕ፣ በከፍታ ልዩነት ብቻ የሚወረወር ነው። ሥዕላችሁ በውሃው ላይ የተመሠረተ ከሆነ ደረቅ ገንዳ ፊት መቆም አትፈልጉም።

ካርታ ካገኛችሁ ዋናው መንገድ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚሄድ ተመልከቱ። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገድ ጠዋት አንዱ አጥር፣ ከሰዓት በኋላ ሌላው አጥር ጥላውን ይጥልበታል፤ እኩለ ቀን ላይ ሁለቱም ጥላ አልባ ሆነው ጠፍጣፋ ይመስላሉ። አብዛኞቹ ስፍራዎች ፀሐይ ከወጣች ቆየት ብለው ስለሚከፈቱ፣ ዝቅ ያለ ጥሩ ብርሃን የሚገኘው ከመዘጋታቸው በፊት ባሉት የመጨረሻ ሁለት ሰዓታት ነው።

ምን ይያዛል

ሰሌዳ፦ 24 በ30 ወይም 30 በ40 ሴንቲ ሜትር። ከዚህ ከበለጠ ብርሃኑ ሳይለወጥ መሸፈን አይቻልም። ትንሽ መሆኑ አያሳንሰውም፤ በማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ያሉት፣ ስፔናዊው ሠዓሊ ቬላስኬዝ በሮም የሚገኘውን የቪላ ሜዲቺን አትክልት የሣለባቸው ሁለት ሥዕሎች ቁመታቸው 50 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ሰሌዳ)፣ ሁለት ጊዜ የሠዓሊ ጄሶ (የግንብ ጄሶ ሳይሆን ከቀለም በፊት የሚቀባ ነጭ መሠረት) ተቀብቶ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ የተፈተገ፣ ከሸራ ይመረጣል። ሸራ ከያዛችሁ ከጀርባው ካርቶን አስገቡ፤ ፀሐይ ከኋላ ስትመታው ብርሃን ያሳልፍና የቀባችሁት ሁሉ ከእውነቱ የነጣ ይመስላል።

ጄሶው ከደረቀ በኋላ በርንት ሲየናን ከየሎ ኦከር ጋር ቀላቅላችሁ፣ በውሃ አቅጥናችሁ መላውን ሰሌዳ ቀቡት። ይህ ሞቃት የሸክላ መልክ ሁለት ነገር ያደርጋል። ነጩ ሰሌዳ ዓይን እንዳይወጋ ያደርጋል፤ በብሩሽ መሐል በሚቀሩ ክፍተቶችም ብቅ እያለ አረንጓዴው ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይሆን ያግዛል።

ቀለም፦ ሰባት ቱቦ ይበቃል። ታይታኒየም ነጭ (ይህ ትልቅ ቱቦ ይሁን)፣ ሃንሳ ቢጫ፣ የሎ ኦከር፣ በርንት ሲየና፣ ኩዊናክሪዶን ማጀንታ፣ ኦልትራማሪን ሰማያዊ፣ ፍታሎ አረንጓዴ። ጥቁር አያስፈልግም። ወፍራሙን ዓይነት ግዙ፤ ቀጭኑና ፈሳሹ ደጅ ላይ ቶሎ ይደርቃል።

ብሩሽ፦ ሰው ሠራሽ ጠጉር ያላቸው፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ጠፍጣፋ አንድ፣ 1.2 ሴንቲ ሜትር ጠፍጣፋ ሁለት፣ ጫፉ ክብ የሆነ መካከለኛ አንድ፣ ለቀጭን መስመር ረጅም ጠጉር ያለው አንድ። የእንስሳ ጠጉር ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይለሰልሳል፣ አክሪሊክ ሥሩ ላይ ከደረቀበትም አይመለስም።

እርጥብ ፓሌት (ቀለሙ እንዳይደርቅ ከሥሩ እርጥበት ያለው የቀለም መቀላቀያ)፦ ይህን ሳትይዙ አትውጡ። ክዳን ያለው ጠፍጣፋ ሣጥን፣ በውስጡ ቀጭን ስፖንጅ ወይም ሦስት አራት ድርብ የወጥ ቤት ሶፍት፣ ከላዩ የመጋገሪያ ወረቀት። ስፖንጁን ካራሳችሁ በኋላ ሣጥኑን አዘንብሉት፤ የሚንቆረቆር ውሃ ካለ ድፉት። ውሃው ከበዛ ቀለሙ ራሱ እየቀጠነ ይፈሳል፣ ካነሰ በሃያ ደቂቃ ጠርዙ ይቆረፍዳል። ሰም የተቀባ ወረቀት ወይም ፎይል አይሠራም፤ እርጥበት አያሳልፉም። ቀለሙን በነጠብጣብ ሳይሆን በወፍራም መስመር አውጡ፤ አየር የሚያገኘው ገጽ ባነሰ ቁጥር ዕድሜው ይረዝማል።

በተጨማሪ ክዳናቸው የማያፈስ ሁለት የግማሽ ሊትር የውሃ ዕቃዎች፣ በደቃቁ የሚረጭ ጠርሙስ፣ አሮጌ ጨርቅ፣ ከእግራችሁ በታች የምትዘረጉት ሸራ ወይም ላስቲክ። የመጨረሻው ቅንጦት አይደለም። አክሪሊክ ባረጀ ንጣፍ ድንጋይ ቀዳዳ ገብቶ ከደረቀ ድንጋዩን ሳይጎዱ ማውጣት በጣም ከባድ ነው።

ጃንጥላው ነጭ፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ይሁን። ቀይ ወይም ሰማያዊ ጃንጥላ ሰሌዳውንም ፓሌቱንም በራሱ ቀለም ያጥባቸዋል። ነጭ ሸሚዝም ብርሃን እያንጸባረቀ እርጥብ ቀለም ላይ ስለሚያብለጨልጭ ደብዘዝ ያለ ልብስ ልበሱ።

ቦታ መያዝ

የመጀመሪያው ፈተና የዋናው መንገድ መሐል ላይ መቆም ነው፤ ንድፍ አውጪውም የጠበቃችሁ እዚያ ነው። ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ደረቅ ሥዕል ይሆናል። ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ጎን ፈቀቅ በሉ፤ አንደኛው አጥር ይሰፋል፣ ሌላው ይጠብባል፣ መንገዱ ሰያፍ ይገባል። ቦታው ያለ መሐሉ ትርጉም የማይሰጥ ከሆነ፣ እንደ ፋርሱ አራት ክፍል አትክልት፣ መሐሉን ያዙና እኩልነቱን በጥላ ስበሩት፦ አንዱ ወገን በብርሃን፣ አንዱ በጥላ።

የቆማችሁበት ከፍታም ይወስናል። ፓርቴር፣ ማለትም በዝቅተኛ ቁጥቋጦ እንደ ጥልፍ የተሠራው መደብ፣ ከቤቱ ፎቅ ወይም ከእርከን እንዲታይ ታስቦ የተነደፈ ነው። ከመሬት ካያችሁት ጥልፉ ተጨፍልቆ ጥቂት ቀጫጭን አግድም መስመሮች ብቻ ይሆናል። ጥልፉን ከፈለጋችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ ካልፈለጋችሁ ከታች ሆናችሁ እንደ ንጣፍ ተጠቀሙበት።

ካርቶን ላይ ከሰሌዳችሁ ጋር ተመጣጣኝ የሆነ መስኮት ቁረጡ፤ ለ30 በ40 ሰሌዳ 6 በ8 ሴንቲ ሜትር። በእሱ እያያችሁ ሦስት ትንንሽ ንድፎችን አውጡ፣ እያንዳንዳቸው ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፍጁ፤ በሦስት ደረጃ ብቻ፦ ጨለማ፣ መካከለኛ፣ ብሩህ። በሦስቱ ደረጃ የማይቆም ንድፍ ቀለም ስለተጨመረበት አይድንም፤ ሌላ ምረጡ።

ንድፉን ማስፈር፦ 20 ደቂቃ

በቀጭን ብሩሽና በቀጠነ በርንት ሲየና ንደፉ። በቅድሚያ የዓይናችሁን ከፍታ በአግድም አስምሩ። ከዚህ መስመር በላይ ያሉ የአጥር ጠርዞች እየራቁ ሲሄዱ ይወርዳሉ፣ ከበታቹ ያሉት የመንገድና የመደብ ጠርዞች ይወጣሉ። በዓይናችሁ ከፍታ ልክ የተከረከመ አጥር ደግሞ አናቱ ፍጹም አግድም ነው፤ ብዙዎች ይህን ያጣምሙታል።

በእኩል ርቀት የተተከሉ ዛፎች ወይም የቆሙ ሐውልቶች ካሉ በግምት አታስቀምጡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እንዳያችኋቸው ንደፉ፤ ከመጀመሪያው አናት ተነሥታችሁ በሁለተኛው ወገብ የምታልፍ ቀጥ ያለች መስመር መሬቱን ስትነካ፣ ሦስተኛው የሚቆመው እዚያ ነው። እንዲሁ ቀጥሉ።

ክብ ገንዳ በእይታ ሞላላ ይሆናል። የሚገባበትን አራት ማዕዘን አስቀድማችሁ አውጡ፣ ከዚያ ሞላላውን ሙሉ ዙሪያ፣ በሐውልት የተሸፈነውንም ጭምር ንደፉ። ግራና ቀኝ ጫፎቹ ክብ ናቸው፤ እንደ ዓሣ አፍ ከሾሉ ተሳስቷል። ደረጃን አንድ በአንድ አትቁጠሩ፤ የተዳፋቱን ሰያፍ አስምራችሁ ከፋፍሉት።

በለ ኖትር ሥራዎች ፊት ስትቆሙ ከምታውቁት ይልቅ የለካችሁትን እመኑ። በፈረንሳይ ባለው የቮ ለ ቪኮንት ቤተ መንግሥት አትክልት የራቁትን ገንዳዎች ከቅርቦቹ አስፍቶ በመሥራቱ፣ ከቤተ መንግሥቱ ሲታዩ ርቀቱ ከእውነተኛው ያጠረ ይመስላል። ራቅ ያለውን በልማድ ብታሳንሱት የንድፍ አውጪውን ብልሃት ታፈርሱታላችሁ። ብሩሹን ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ ያዙ፣ አንድ ዓይን ጨፍኑ፣ በአውራ ጣት ለኩ፣ አወዳድሩ።

በመጨረሻ የጥላዎቹን ጠርዝ አስምሩና ሰዓቱን በሰሌዳው ዳር ጻፉ። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የአጥሩ ጥላ ሌላ ቦታ ነው። አትከተሉት። ያሰመራችሁትን ጥላ ያዙ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ አቁሙ፣ ካልጨረሳችሁ በሌላ ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ተመለሱ። ቀኑን ሙሉ መሥራት የሚፈልግ ሁለት ሰሌዳ ይያዝ፣ አንዱ የጠዋት፣ አንዱ የከሰዓት።

አረንጓዴውን ቀድሞ ማዘጋጀት

የዚህ ዓይነት ሥዕል ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው፤ ሠዓሊው ግን አንድ አረንጓዴ ቀላቅሎ በነጭ ያነጣል፣ በሰማያዊ ያጠቁራል፣ አትክልቱም እንደ ፕላስቲክ ይሆናል። ከመቀባታችሁ በፊት አራት ክምር ቀላቅሉ፣ ከምትገምቱት እጥፍ አድርጋችሁ፤ አክሪሊክ ካለቀ በኋላ ያንኑ መልክ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።

ጨለማው፦ በርንት ሲየና የአተር ፍሬ ያህል፣ ፍታሎ አረንጓዴ የሩዝ ፍሬ ያህል። ፍታሎ ጉልበተኛ ነው፤ እኩል ካደረጋችሁት ሁሉንም ይውጣል። ለጥላው ቅዝቃዜ ጥቂት ኦልትራማሪን። ይህ ለዪው (ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ የሆነ የአጥር ዛፍ) እና ለፈረንጅ ጽድ ጥላ ወገን ይሆናል፤ ጽዱ ላይ ሲየናውን አብዙት።

መካከለኛው፦ ኦልትራማሪን፣ ሃንሳ ቢጫና የሎ ኦከር። ቡክሰስ፣ ለዝቅተኛ አጥር የሚከረከመው ትንንሽ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ፣ ከዪው ይልቅ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ብርሃንንም ይበልጥ ይመልሳል።

ፀሐይ የመታው፦ መካከለኛው ላይ ሃንሳ ቢጫና ነጭ አንድ ላይ። ነጭ ብቻ ከጨመራችሁ ቀዝቃዛና የኖራ መልክ ያለው ይሆናል።

የራቀው፦ ኦልትራማሪን፣ ኦከር፣ ነጭ፣ እና ማጀንታ በብሩሽ ጫፍ። ማጀንታ የአረንጓዴ ተቃራኒ ስለሆነ ጩኸቱን ያበርደዋል። የማንኛውም ክምር አረንጓዴነት ከበዛ በጥቁር ሳይሆን በማጀንታ ወይም በሲየና መልሱት።

አሁን የአክሪሊክን ጠባይ አስቡ። እርጥብ ሳለ ማያያዣው እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ሲደርቅ ግልጽ ይሆናልና ቀለሙ ይጠቁራል፣ ጨለማዎቹ በተለይ። በሰሌዳው ዓይነት ቁራጭ ላይ ከእያንዳንዱ ክምር አንድ ጭረት ቀብታችሁ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ቁራጩን ወደ አጥሩ ዘርግታችሁ አወዳድሩ፤ የምታርሙት በደረቀው ነው።

ትልልቁን መሸፈን፦ 30 ደቂቃ

በትልቁ ብሩሽ ከጨለማው ጀምሩ። የተከረከመ አጥር ቅጠል ሳይሆን ሣጥን ነው። አናቱ ወደ ሰማይ ስለሚያይ ብሩህ ነው፣ ፀሐይ የዞረበት ጎኑ መካከለኛ፣ ሌላው ጎኑ ጨለማ። እነዚህን ሦስት ገጾች ሳትቀላቅሉ ለየብቻ፣ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ለሌላውም ሁሉ ሕጉ አንድ ነው፦ ሰማይ ከሁሉ ይነጣል፣ ሣርና ጠጠር ይከተላሉ፣ ተዳፋት ከእነሱ ይጠቁራል፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ከሁሉ ጨለማ ነው። በዚህ ደረጃ ሰሌዳው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ፣ ዓይን ጨፈን ሲል አትክልቱ መታወቅ አለበት። ካልታወቀ ዝርዝር አትጨምሩ፤ ቶኑን (የጨለማና የብርሃን ደረጃውን) አርሙ።

በየአሥር ደቂቃው ፓሌቱ ላይ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት አንድ ጊዜ እርጩ። ሰሌዳው ላይ አትርጩ፤ ሁለት ቀለም እርስ በርስ እንዲለሰልስ የምትፈልጉበት የሩቅ ዛፍ ጠርዝ ካልሆነ በቀር። ብሩሹ መጎተት ከጀመረ ቀለሙ ግማሽ ደርቋል፤ ከቀጠላችሁ ቆዳው ይቀደዳል። እጃችሁን አንሡ፣ ሌላ ቦታ ሥሩ፣ ሲደርቅ ተመለሱ።

ለማቅጠን ውሃ ብቻ አታብዙ። ከግማሽ በላይ ውሃ የገባበት ቀለም ማያያዣው ይሳሳና የሚቀጥለው ቅብ ያነሣዋል። ርቀት ለመስጠት ስስ ጭጋግ መደረብ ሲያስፈልግ፣ አንድ እጅ ሰማያዊ ነጭ ለስድስት ስምንት እጅ የግሌዝ ሚዲየም (ቀለምን ስስና ግልጽ የሚያደርግ ማቅጠኛ) ጥሩ ነው።

ድንጋይ፣ ውሃ፣ አበባ

ያረጀ ድንጋይ ግራጫ አይደለም። መነሻው ነጭና ኦከር፤ ጥላው ኦልትራማሪንና ማጀንታ የተቀላቀለበት ሐምራዊ። ከሣር አጠገብ ያለው የታችኛው ክፍል ከሣሩ የተንጸባረቀ አረንጓዴ ይይዛል፤ ይህችን ትንሽ ነገር ስትጨምሩ ሐውልቱ መሬት ይረግጣል። ነጭ ሐውልት በጨለማ አጥር ፊት ከቆመ፣ ሐውልቱን በአጥሩ ላይ አትሳሉ። ሻካራ የብሩህ ቅርጽ አስቀምጣችሁ፣ በአጥሩ ጨለማ ዙሪያውን እየቆረጣችሁ ትከሻውንና ክንዱን አውጡ። ንጹሕ ነጭ ለአንድ ቦታ ብቻ ይቆይ፣ ምናልባት ለግንባሩ ወይም ለጉልበቱ።

ጠጠር መንገድን በነጠብጣብ አትሙሉት። ጠፍጣፋ ቅብ ያዙና እግራችሁ ሥር ባለው ክፍል ብቻ ጥቂት ጭረት ጨምሩ።

በጸጥታ ውሃ ላይ ያለ ነጸብራቅ የራሱ ቶን አለው፦ የነጣው ነገር ትንሽ ጠቁሮ፣ የጠቆረው ትንሽ ነጥቶ ይታያል። በእንግሊዝ ባለው የስቱርሄድ አትክልት ሐይቅ ማዶ የሚታየውን ቤተ መቅደስ የሚስል ሰው ነጸብራቁን ከሕንጻው እኩል ካነጣው ሐይቁ ይጠፋል። በቀጥታ ወደ ታች በሚወርድ ብሩሽ ቀቡ፣ ሳይደርቅ አንድ ሁለት አግድም ጭረት አሳልፉበት።

የፋውንቴን ውሃ ከሁሉ በኋላ ነው። ብሩሹን በጨርቅ አድርቃችሁ፣ ጥቂት ነጭና የኦከር ጠብታ ይዛችሁ፣ ከሥር ወደ ላይ አንድ ጊዜ ጥረጉ። ይህ የሚሠራው ጀርባው ጨለማ ዛፍ ሲሆን ነው፤ ጀርባው ብሩህ ሰማይ ከሆነ ውሃው ከሰማዩ የጠቆረ ሆኖ ሊታይ ይችላልና ተመልከቱ።

አበባን እንደ ቀለም ክምችት እዩት፣ እንደ ፍሬ አትቁጠሩት። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔ ከ1883 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኖረበት የዢቬርኒ አትክልት ራሱ በቀለም ስብስብ የተተከለ ነው። አክሪሊክ እዚህ ላይ አንድ ጥቅም አለው፦ አበባው ባለበት ነጭ ጠብታ አስቀምጡ፣ አምስት ደቂቃ ይድረቅ፣ ከላዩ ቀጭን ግልጽ ማጀንታ ወይም ሃንሳ ቢጫ አሳልፉ። ማጀንታን ከነጭ ጋር ቀላቅሎ ከመቀባት እጅግ የደመቀ ይሆናል። ከሰሌዳው ከአሥር አንዱን በላይ ለአበባ አትስጡ።

የአየሩ ጠባይ

ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አክሪሊክ አትቀቡ። ውሃው ሲተን የሙጫው ቅንጣቶች መዋሃድ አለባቸው፤ በብርድ ግን አይዋሃዱም፣ ቅቡም በኋላ ይሰነጠቃል ወይም ይፈረፈራል። ዝናብ ከመጣ ላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ሊታጠብ ይችላልና ወዲያው ሸፍኑት። ነፋስ ከፀሐይ በላይ ያደርቃል፤ ኢዝሉ እንዳይወድቅም ቦርሳችሁን ከመሐሉ አንጠልጥሉ። ትንኝ ወይም የአበባ ብናኝ ከተለጠፈ እርጥብ ሳለ አትንኩት፤ ሲደርቅ በጥፍር ይነሣል።

ፀሐይ በቀጥታ ያረፈበት ሰሌዳ ላይ የሠራችሁት ሥዕል ቤት ሲገባ ጨለማ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ በዚያ ብርሃን ዓይናችሁ ሁሉንም አጥቁሮ ስለቀላቀለ ነው። ሰሌዳውም ፓሌቱም አንድ ጥላ ውስጥ ይሁኑ፤ የፀሐይ መነጽርም አውልቁ።

መሰብሰብና ማጓጓዝ

ብሩሹን መጀመሪያ በጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ እጠቡ። የታጠበበትን ውሃ በክዳኑ ዘግታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ገንዳ ውስጥ፣ ሐይቅ ውስጥ፣ መደብ ላይ አይደፋም፣ የውስጡ ሙጫ ፕላስቲክ ነው። ቤት ደለሉ እስኪዘቅጥ አስቀምጡ፣ ደለሉን በሶፍት አንሥታችሁ አድርቃችሁ ከቆሻሻ ጋር ጣሉ። የኢዝሉን እግርና ጫማችሁን ከአፈርና ከቅጠል አጽዱ። ቡክሰስን የሚያደርቀው የሻጋታ በሽታ ከአትክልት ወደ አትክልት በጫማና በመሣሪያ ይዛመታል፤ ለዘመናት የኖረ አጥርም ሊጎዳ ይችላል።

ሁለት ሰሌዳ ፊት ለፊት አታነባብሩ። የደረቀ አክሪሊክ በሙቀት ይለሰልስና እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ሲላቀቅ ቀለሙን ይዞ ይሄዳል። የመጋገሪያ ወረቀት በመሐል አድርጉ፤ ጋዜጣ ግን ራሱ ይጣበቃል። ቤት የምታርሙት የጎበጠ መስመርና የተሳሳተ ቶን ብቻ ይሁን፤ ሥዕሉን በመስታወት አዙራችሁ ስታዩት ጥፋቱ ቶሎ ይታያል። ቫርኒሽ (የመጨረሻው መከላከያ ቅብ) ለስስ ቅብ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት፣ ለወፍራሙ ከአንድ ወር በኋላ ነው።